ፋሌኖፕሲስ፣ ኖቢሌ ወይስ ኤራንጊስ? ለደጋ ቤት ኦርኪድ ስትመርጡ

ኦርኪድ ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። ነጩ ይሻላል ሐምራዊው? ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ቤታችሁ ሌሊት ምን ያህል ይበርዳል የሚለው ነው።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ማሞቂያ ላለው ቤት ነው። ውጭው በረዶ ቢሆንም ሳሎኑ 20 ዲግሪ የሆነበት ቤት ማለት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማሞቂያ በሌለው ብሎኬት ቤት ውስጥ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ውጭው 7 እና 8 ዲግሪ ሲገባ ቤት ውስጥም ከ15 በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። ደብረ ብርሃን ያላችሁማ ይብስባችኋል። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ኦርኪድ ለእናንተ አይሆንም።

እዚህ የማወዳድረው ሦስቱን ነው። ገበያው ላይ በብዛት የሚታየው ፋሌኖፕሲስ፣ ከሂማሊያ ሥር የመጣው ዴንድሮቢየም ኖቢሌ፣ የእኛው አገር ደን ውስጥ ያለው ኤራንጊስ ብራኪካርፓ። ሦስቱም ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው፣ አፈር አያውቁም።

ከምርጫው በፊት ስለ ሥሩ

ዛፍ ላይ ይኖራሉ ሲባል ዛፉን ይመጡታል ማለት አይደለም። ተቀጥላ ዛፉ ውስጥ ሥሩን ሰዶ ይጠባል፣ ኦርኪድ ግን ዛፉን እንደ መቀመጫ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ውሃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡን በቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል። ስለዚህ ሥሩ ከሌላው አበባ ሥር የተለየ ነው፤ ወፍራም ሆኖ በነጭ ስፖንጅ መሰል ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጣና አረንጓዴ ይሆናል። ሲደርቅ ወደ ብርማ ነጭ ይመለሳል። ይህ ነገር ውሃ መቼ እንደምታጠጡ ከማንኛውም ሠንጠረዥ በተሻለ ይነግራችኋል፤ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፣ ብርማ ከሆነ አጠጡት። እዚህ አገር ኦርኪድ የሚሞትበት ዋናው ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ተክሉን ይወድና አፈር ውስጥ ይተክለዋል፣ በየቀኑ ያጠጣዋል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ሰውየው ተጠማ ብሎ ውሃ ይጨምርለታል።

ፋሌኖፕሲስ፦ ቆንጆ ግን ብርድ የማይችል

ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በተለይ ፊሊፒንስና አካባቢዋ፣ ቆላማና እርጥብ ደን ነው አገሩ። ዛሬ ግን የሚገዛው ከደን የመጣ ሳይሆን ኔዘርላንድስና ታይዋን ውስጥ በሰፋፊ ግሪንሃውስ የሚመረት ዲቃላ ነው። የሚወደው ቀን ከ24 እስከ 29፣ ሌሊት 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርሃን ብዙ አይፈልግም፣ ይህ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ትልቅ ነገር ነው። አበባው ደግሞ አንዴ ከወጣ 2 እና 3 ወር ይቆያል። በዚህ ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም።

አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ፋሌኖፕሲስ የአበባ ዘንግ ለማውጣት ለጥቂት ሳምንታት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ ሌሊት ይፈልጋል። ሞቃት ከተማ ያሉ ሰዎች ይህንን ለማግኘት ይቸገራሉ፣ እኛ ደግሞ በነፃ አለን። ችግሩ ቅዝቃዜው እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ 13 እና 12 ሲወርድ ተክሉ ማደግ ያቆማል፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል፣ ሥሩም ካለፈው ሳምንት ውሃ ጋር ቀዝቃዛ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዝቃዜ ብቻውን አይገድለውም፣ እርጥበትም ብቻውን አይገድለውም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን አለቀለት።

ስለዚህ ከገዛችሁት በበጋ ውሃውን አራርቁት፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ማታ ከመስታወቱ ራቅ አድርጉት። መሃሉ ላይ፣ ቅጠሎቹ የሚገናኙበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ውሃ አይቅር። ይህ ተክል የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ከበሰበሰ አብዛኛውን ጊዜ ነገር አበቃ። አበባው ሲያልቅ ዘንጉን ከሥር ቆጥራችሁ ከሦስተኛው አንጓ በላይ ብትቆርጡት ሌላ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል። ቅጠሉ ደካማ ከሆነ ግን ከሥሩ ቁረጡትና ይረፍ።

ኖቢሌ፦ የእኛን ካላንደር የሚያውቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተማ የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ዴንድሮቢየም ኖቢሌ ከሰሜን ሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከቡታን እስከ ደቡብ ቻይና ባሉ ተራሮች ላይ ይበቅላል። እዚያ ያለውን የአየር ጠባይ ተመልከቱት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዶፍ ዝናብ፣ ከዚያ ደረቅ፣ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ብርዳም የሆነ በጋ፣ ከዚያ በጸደይ ትንሽ ካፊያ። ክረምት፣ በጋ፣ በልግ ማለት እኮ ነው! ፈረንጆች ይህ ተክል እንዲያብብላቸው በመጸው በረንዳ ላይ ያወጡታል፣ ብርዱ ሲበረታ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ያስገቡታል፣ ውሃ ይከለክሉታል፣ በሰው ሠራሽ መንገድ በጋን ይፈጥሩለታል። እኛ ምንም መፍጠር አይጠበቅብንም። ቬራንዳ ላይ፣ ከጣሪያ ጠርዝ ገባ ብሎ ዝናብ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ የቀረውን ወቅቱ ራሱ ይሠራዋል።

ዓመቱ እንዲህ ይሄዳል። አዲሱ ቡቃያ ከሥር የሚወጣው ከመጋቢት ጀምሮ ነው። በክረምት እንደ ቀጭን ሸንኮራ አገዳ በአንጓ በአንጓ እየረዘመ ይሄዳል፤ ውሃም ቀላል ማዳበሪያም የሚወስደው ያኔ ነው። መስቀል አካባቢ አገዳው ጫፉ ላይ የመጨረሻ ቅጠሉን ያወጣና እድገቱን ይጨርሳል። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያ የለም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ውሃውን በጣም ትቀንሳላችሁ፤ አገዳው እንዳይጨማደድ ብቻ አልፎ አልፎ ጠብ ታደርጉለታላችሁ። ብርሃን ግን በደንብ ያግኝ። ሌሊቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን ደስ ይለዋል፣ 8 ቢደርስም አይሞትም። ውርጭ የሚጥልበት አካባቢ ከሆናችሁ ግን ማታ ማታ አስገቡት።

ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። በዕረፍት ወቅት የታችኞቹ ቅጠሎች ይቢጫሉ፣ አንዳንዴ አገዳው ራቁቱን ይቀራል። ይህንን ያየ ሰው ደንግጦ ውሃና ማዳበሪያ ያፈስበታል። ያን ጊዜ አበባ ሊሆን የነበረው ነጥብ ሐሳቡን ይቀይርና ሥር ያለው ልጅ ተክል ሆኖ ይወጣል። ልጅ ለማራባት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው፣ አበባ ከፈለጋችሁ ግን ታገሱ። በየአንጓው ላይ የሚታየው እብጠት እንቡጥ መሆኑ በደንብ ሲለይ ነው ውሃው ቀስ እያለ የሚመለሰው። ያበበውን አሮጌ አገዳም አትቁረጡ፣ ስንቁን የሚያስቀምጠው እሱ ውስጥ ነው፤ ያልፈነዳ አንጓ ካለውም በሚቀጥለው ዓመት ሊያብብ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዴንድሮቢየም ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ኖቢሌ አይደለም። ሌላ ዓይነት አለ፣ ከታይላንድ በብዛት የሚወጣው፣ ሙቀት የሚወድ፣ የአዲስ አበባን ታኅሣሥ የማይችል። የምትለዩት በአበባው አወጣጥ ነው። ኖቢሌ በአገዳው ጎን ላይ ከየአንጓው ሁለት ሦስት እያደረገ ያብባል። ሙቀት ወዳዱ ደግሞ ከአገዳው ጫፍ አንድ ረጅም ዘንግ ያወጣና ሁሉንም እዚያ ላይ ይደረድራል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ ይኸኛው ነው የሚሆናችሁ።

የኖቢሌ ጉድለት? አበባው ከፋሌኖፕሲስ ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው፣ ቦታ ይይዛል፣ ሲያርፍ ደግሞ የደረቀ ጭራሮ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚያምር ነገር የሚፈልግ ሰው አይወደውም።

ኤራንጊስ፦ አገር ቤት ያለው

ኤራንጊስ ብራኪካርፓ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና ወደ ደቡብ እስከ ዛምቢያና አንጎላ ባሉ ደጋማ ደኖች ውስጥ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የዕጽዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ለሳይንስ ሲገልጸውም የተጠቀመው ከኢትዮጵያ የተወሰደ ናሙና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይኖራል፣ ስለዚህ ብርዱን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

አበባው ነጭ ነው፣ አንዳንዴ ትንሽ ሮዝ ይነካዋል፣ በኮከብ ቅርጽ ተደርድሮ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከእያንዳንዱ አበባ ጀርባ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይወርዳል፤ ማሩ ያለው ከታች ጫፉ ላይ ነው። ቀን ብታሸቱት ያን ያህል ምንም የለውም። ማታ ግን ክፍሉን ይሞላዋል፣ ምክንያቱም የሚጠብቀው ረጅም ምላስ ያላትን የሌሊት የእሳት ራት ነው። ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካሩን ዘመዱን፣ ቱቦው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋውን፣ አይቶ ይህን ያህል ምላስ ያላት ነፍሳት የግድ መኖር አለባት ብሎ ነበር፤ እሷም በ1903 እ.ኤ.አ. ስም ተሰጣት፣ እሱ ከሞተ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ።

ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኩትም? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው እርጥበት ነው። ብርዱን ይችላል፣ የበጋውን ደረቅ አየር ግን አይወድም፤ ደን ውስጥ ጥላና ጉም አለው፣ የእናንተ በረንዳ ላይ የለም። እንደ ኖቢሌ አገዳ ስንቅ የሚያስቀምጥበት ነገርም የለውም፣ ቅጠልና ሥር ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት በየጠዋቱ ውሃ መርጨት ትችላላችሁ? ክፍለ ሀገር ስትሄዱስ ማን ይረጭላችኋል?

ሁለተኛው የሚመጣበት መንገድ ነው። ከደን ተነቅሎ መንገድ ዳር የሚሸጥ ከሆነ አትግዙ። የነቀለው ሰው ሥሩን ከቅርፊቱ ላይ ሲልጠው ይሰባብረዋል፣ እንዲህ የሆነ ተክል አብዛኛው ቤት ገብቶ ቀስ ብሎ ይሞታል። በዚያ ላይ ደኑም እየሳሳ ነው። ቡና በተጠናከረ ሁኔታ በሚለማበት ደን ውስጥ ጥላ ዛፎቹ ይመነጠራሉ፣ ከቡናው ግንድ ላይም ኦርኪዱ ከእንጨት ሽበቱ ጋር አብሮ ይጸዳል። ቤተሰባችሁ የቡና ማሳ ካለውና ቡናው ለጉንደላ ሲቆረጥ ወይም ቅርንጫፍ በራሱ ወድቆ ኦርኪድ ካገኛችሁበት፣ ከነቅርንጫፉ ውሰዱት፣ ከእንጨቱ አታላቅቁት። እንደ ካፋና ያዩ ካሉ ጥብቅ ደኖች ግን ወድቆ ብታገኙትም አትንኩ። ከድንበር ማሳለፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የኦርኪድ ዝርያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

በዘር ከችግኝ ጣቢያ የወጣ ካገኛችሁ ግን ሳታመነቱ ግዙ። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ስንቅ የለውም፣ ደን ውስጥ የሚያበቅለው ፈንገስ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ያለ ፈንገስ በስኳር ምግብ ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ፣ ከዚያ ወዲህ ዘሩ ጠርሙስ ውስጥ ይበቅላል። ያም ሆኖ እስኪያብብ ዓመታት ይወስዳል፣ ዋጋው ቢወደድ አይግረማችሁ።

መስኮት

የፈረንጅ ምክር እዚህ ላይ ጭራሽ ያሳስታችኋል። «ደቡብ መስኮት ብርሃን፣ ሰሜን መስኮት ጨለማ» ይላል። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ትዞርና ታኅሣሥ ላይ ደቡብ መስኮቱን በደንብ ትመታዋለች። ስለዚህ በየካቲት ያስቀመጣችሁበት ቦታ በግንቦት ሌላ ቦታ ነው። ለሦስቱም የማይቀያየረው የምሥራቅ መስኮት ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ናት። የቀትር ፀሐይ በዚህ ከፍታ ላይ ፋሌኖፕሲስን በአንድ ቀን ታቃጥለዋለች። ኖቢሌ ከሁሉ የበለጠ ብርሃን ይችላል፣ ኤራንጊስ ጥላ ይወዳል።

ሌላም ነገር አለ። ቡና በሚፈላበት ዝግ ክፍል ውስጥ እንቡጥ የያዘ ኦርኪድ አታስቀምጡ። የከሰልና የእጣን ጭስ ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ፣ የበሰለ ሙዝም ያወጣዋል፣ እንቡጥ ያረግፋል። አበባው እንቡጥ ሆኖ ደርቆ ከወደቀባችሁ ሟርት አይደለም፣ ጭሱ ሊሆን ይችላል።

ማሰሮ ወይስ እንጨት፣ በምን ይተከል

ለፋሌኖፕሲስ ማሰሮ፣ ቢቻል ሥሩ የሚታይበት ግልጽ ፕላስቲክ። ለኖቢሌ ጠበብ ያለ የሸክላ ማሰሮ፤ ሰፊ አትስጡት፣ ሲጠብበው ነው በደንብ የሚያብበው። ለኤራንጊስ እንጨት፣ አበባው ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ማሰሮ አይመቸውም። የወይራ ወይም የቡና ግንድ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም። ባሕር ዛፍ ተዉት፣ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እየተላጠ ተክሉን ይዞት ይወድቃል። ለማሰር ያረጀ ስቶኪንግ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፣ ሽቦ ሥሩን ይቆርጠዋል።

የፈረንጅ መጻሕፍት የፓይን ቅርፊት ይላሉ። ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ በ2 ዓመት ገደማ ይበሰብሳልና ትቀይሩታላችሁ። ካላገኛችሁ ሁለት ነገር በእጃችሁ አለ። አንዱ ከሰል ነው፤ ያልነደደ፣ አውራ ጣት የሚያህል ተሰባብሮ፣ ብናኙ በደንብ ታጥቦ። ታይላንድ ውስጥ ድሮም የሚሠሩበት ነገር ነው። ሌላው ሬድ አሽ፣ ለመንገድና ለግቢ የሚነጠፈው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ እርጥበትም አየርም ይይዛል፣ አይበሰብስም። እኔ ለኖቢሌ ሁለቱን እኩል ቀላቅዬ ነው የምመክረው። ሁለቱም ግን የማዳበሪያ ጨው ያጠራቅማሉ፣ ስለዚህ በወር አንዴ ንጹሕ ውሃ በብዛት አሳልፉበት። ስፋግነም የሚባለው የደረቀ ሞስ አብሮት ከመጣ ለፋሌኖፕሲስ በአዲስ አበባ ብርድ አደገኛ ነው፣ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ አበባው ሲያልቅ አውጡለት።

ውሃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ከአሸንዳ ወደ ጀሪካን ወይም ሮቶ መያዝ ነው። የጉድጓድ ውሃ ኖራው ከበዛ ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ማዳበሪያ ከሆነ በውሃ የሚሟሟው፣ መያዣው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ። የእርሻ ዩሪያና ዳፕ አይነኩም።

እንግዲህ ማን የቱን ይግዛ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር፣ በረንዳ የሌለውና አንድ የምሥራቅ መስኮት ያለው ሰው ፋሌኖፕሲስ ይግዛ፣ የበጋውን ብርድ እየጠበቀ። ቬራንዳ ወይም ግቢ ያለው የደጋ ሰው ኖቢሌ ፈልጎ ይያዝ፣ ማግኘቱ ትንሽ ቢያደክምም። ጅማ፣ ቦንጋ ወይም ሚዛን፣ አየሩ እርጥብ የሆነበት ያላችሁ ደግሞ ኤራንጊስን ከእኛ በተሻለ ታሳድጉታላችሁ፤ እዚያ እኔም ምርጫዬን እቀይር ነበር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ ሱፐርማርኬቱ ፋሌኖፕሲስ ሞልቶታል፣ ማሞቂያችሁም ይስማማዋል፤ ኖቢሌ ከያዛችሁ በጥቅምት በረንዳ ላይ ብርድ ይቅመስ፣ ውርጭ ከመጣሉ በፊት አስገቡት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ፋሌኖፕሲስ ብቻ፣ ኤሲው በቀጥታ የማይነፋበት ቦታ ላይ።

ሱቅ ስትገቡ አበባውን አትዩ፣ ማሰሮውን አንስታችሁ ሥሩን እዩ። አረንጓዴና ብርማ ጠንካራ ሥር ጥሩ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ስትጫኑት የሚሟሽሽ ከሆነ መልሱት። ተክሉን በቀስታ ወዝወዝ አድርጉት፣ ማሰሮው ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ሥር የለውም። በቅጠሉ ግርጌ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ ተባይ ነው፤ ከገዛችሁ በኋላ ካያችሁት በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት። ሁሉ አብቦ ካለቀው ይልቅ ግማሹ እንቡጥ የሆነውን ምረጡ። በታኅሣሥ የምትገዙ ከሆነ ከሱቅ እስከ መኪና በጋዜጣ ጠቅልሉት። ቤት ስትደርሱ ከሌሎቹ አበቦች ለሦስት ሳምንት ያህል ለዩት፣ አበባው እስኪረግፍ ድረስም ማሰሮውን አትቀይሩ።